ክዳኑን የያዘው ማን ነበር

የአቶ አዛናው አስከሬን የተገኘው በቀይ ሜዳ ከተማ ብቸኛ የእሳት አደጋ መኪና ላይ፣ በውሃ ታንከሩ ውስጥ ነው። ታንከሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም።

በዚህ በሁለተኛው ነገር የተገረመ የከተማዋ ሰው ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት በአጨዳ ወቅት የሰሊጥ መጋዘኑ ሲቃጠል፣ ውስጡ ያደሩ ሦስት ሳሉጎች፣ ለቀን ሥራ ከደጋ የወረዱ የሰው ልጆች፣ በሩን እየደበደቡ ሲያልቁ ያው መኪና ደርሶ ነበር። ቱቦው ተዘረጋ፣ ማሽኑ ተነሣ፤ የወጣው ግን አየር ነው። ከዚያ ወዲህም የምክር ቤቱ የክትትልና ቁጥጥር ኮሚቴ መኪናውን በየሩብ ዓመቱ እየጎበኘ «ዝግጁነቱ የተሟላ ነው» ሲል ሪፖርት አቀረበ። ምክር ቤቱም አጨበጨበ።

አዛናው ካላጨበጨቡት አንዱ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በቅርቡ ለምክር ቤቱ ተመርጠው ኮሚቴው ውስጥ ገብተዋል።

ኢንስፔክተር ትርንጎ ከዞኑ ከተማ ከገንዳ ውሃ በማግስቱ ማለዳ ደረሰች። የከተማዋ ፖሊስ ሳጅን አገኘሁ ጣቢያው በር ላይ ተቀበላት፤ ፊቱ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነበር።

«ጨርሰነዋል እኮ፣ ኢንስፔክተር። ገዳዩ ሾፌሩ ነው፣ ታጠቅ። ሐኪሙ ሰውየው የሞቱት ቀትር ላይ ነው ብሏል። ቀትር ላይ ኮሚቴውም ኃላፊውም መኪናዋን ሊጎበኙ የመጡት እንግዶችም ጉብኝቱን ጨርሰው ሆቴል ምሳ ላይ ነበሩ። መኪናው ዘንድ የቀረው ታጠቅ ብቻ ነው።»

«ሐኪሙ በምን ሞቱ አለ?»

«በሙቀት። ሌላ ቁስል የለባቸውም፤ እጃቸው ብቻ ነው የተላላጠው። ብረቱን ደብድበዋል።»

ትርንጎ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ሴት ናት፤ የሚያውቋት ባልደረቦቿ ያኔ ነው የሚፈሯት።

«ታጠቅ ምን ቂም አለው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሟቹ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ‹ባዶ ጋን ጎታች› ብለውታል። የገዛ እጁም ተቃጥሏል፤ ክዳኑን ሲዘጋ።»

ታጠቅን ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው «ሳሉጎቹንም ያስጨረሰ እሱ ነው! አውጡልን!» እያለ ይጮሃል፤ ታጠቅ ጩኸቱ በተነሣ ቁጥር ትከሻውን ይሰበስባል።

«እጅህን ምን አገኘው?»

«ክዳኑ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ውሃ አመላላሹ አብዱልሀኪም በትራክተሩ ውሃ ይዞ መጣ። ልሙላ ብዬ ላይ ወጣሁ። በክዳኑ ጠርዝ የሻርፕ ጫፍ ተነክሶ አየሁ። የጋሼ አዛናው ሻርፕ ነው፤ አውቀዋለሁ። መቀርቀሪያውን ነቅዬ ከፈትሁት።»

«ጨርቅ ሳትይዝ? እዚህ አገር ተወልደህ ቀትር ላይ ብረት በባዶ እጅህ ትነካለህ?»

«አልነካም። ሰው አለ ስል ረሳሁት።»

ትርንጎ ፋሻውን ለአፍታ ተመለከተች። «ጠዋት መኪናዋ የት ነበረች?»

«ኒም ዛፏ ሥር። ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትቆም፤ ያለ ጥላ ጎማዋ አይተርፍም። እንደደረስሁ ኃላፊው አቶ ባየልኝ ደወሉልኝ። ወደ ሜዳው አውጣት፣ ሞተሯን አታጥፋ፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ሳይረኑን አስጩህ አሉኝ።»

«ከዚህ በፊት ለጉብኝት ሳይረን አስጩኸህ ታውቃለህ?»

«ኧረ ወዲያ! ባትሪ ይጨርሳል እያሉ ለእሳትም ይከለክሉኛል።»

ባየልኝ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ትርንጎ ወደ ግቢው ስትገባ በሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርግ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ገና አልጠነከረችም። መኪናዋ ከትናንቱ ቦታዋ፣ ከሜዳው መሀል፣ አልተነሣችም። ቀይ ቀለሟ ተወልውሏል። ከጎኗ ያለው የውሃ መለኪያ፣ የጌጁ መርፌ፣ ሙሉ ይላል።

ትርንጎ መሰላሉን ወጣች። ክዳኑን በመዳፏ ነካችው፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አሁንም አለበት። አነሣችው፤ እጇን ስትለቅ ግን ተመልሶ ወደቀና ግቢውን አናጋው።

«መደገፊያው ምን ሆነ?»

«ተሰብሯል፤ ቆይቷል። በጀት ስላልተያዘለት...»

«ሰው ታንከሩን ሊያይ ሲገባ እንዴት ይሆናል?»

«ሌላ ሰው ላይ ሆኖ ይይዝለታል።»

«መቀርቀሪያውስ? ከውስጥ ይከፈታል?»

«ከውጭ ብቻ ነው።»

ክዳኑን በአንድ እጇ ይዛ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። ታችኛው ብረት በዝገት ተበልቷል፤ ብርሃን በነጠብጣብ በነጠብጣብ ይገባል። ይህ ታንከር ውሃ አጠራቅሞ ማሳደር አይችልም። ከወረደች በኋላ ጌጁን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ መርፌው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ይኼ ሁልጊዜ ሙሉ ነው የሚለው?»

ባየልኝ ከጌጁ ላይ ዓይኑን አሸሸ።

«ሦስቱ ሰዎች ያለቁት ይህን ጌጅ አምናችሁ ነው ወይስ አውቃችሁ?» አለችው በዝቅተኛ ድምፅ። እሱ አሁንም ላቡን ጠረገ። «እሺ፤ ትናንትን ንገረኝ። መኪናዋን ወደ ፀሐይ ያስወጣሃት ለምንድን ነው?»

«ለፎቶ ጥላ እንዳይሆን።»

«ሳይረኑስ?»

«ዝግጁ መሆናችንን ሕዝቡ እንዲሰማ።» መሬት መሬት እያየ ነበር፤ የተማረውን ትምህርት በቃሉ የሚደግም ተማሪ ይመስላል።

«ውሃውስ ለምን ከጉብኝቱ በፊት አልገባም?»

«አብዱልሀኪም ነዋ! ትራክተሬ ተበላሸ ብሎ ቀረብኝ። እየደወልሁ፣ እየለመንሁት!»

አብዱልሀኪም ለእርሻ ካምፖች ውሃ የሚያመላልስ ባለ ትራክተር ነው። ውሃ መቅጃው ዘንድ አገኘችው።

«ወላሂ እውነቱን ነው» አላት። «ጠዋት ሙሉ ሲደውልልኝ ነበር። እንግዶቹ ሳይመጡ ድረስልኝ፣ ካልረጨን አለቀልኝ ይለኛል። ትራክተሬ የተነሣልኝ ከቀትር በኋላ ነው። እንዲያውም በየጉብኝቱ የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ጠዋት እሞላለሁ፣ ይረጫሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፤ እስኪመሽ ከሥሯ ፈሶ ያልቃል። ኸላስ፣ በቃ።»

«ይህን እያወቅህ ዝም አልህ?»

«ለማን ልንገር? ለኮሚቴው? ኮሚቴው አጠገቤ ቆሞ ነው የሚያየኝ!»

ወይዘሮ የሻረግ፣ የአዛናው ባለቤት፣ ለቅሶ ላይ ናቸው። ትርንጎን ሲያዩ ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ።

«ልጄ፣ ሾፌሩን አስረው ሊገላገሉ ነው አሉ። የእኔ ባል በሐሰት አይቀበርም። ታጠቅን ስለሰደበው ስንት ቀን ሲጸጸት ነበር፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም እያለ።»

«ትናንት መቼ ነው የወጡት፣ እትዬ?»

«ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የመኪና ክላክስ ሰማን። ‹ዛሬ መኪናዋን ሳይኳሏት ነው የማያት› ብሎ ብድግ አለ። ቁርስ ቅመስ ብለው፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ደስ ብሎት!» ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡና መልሰው ተዉት። ከልቅሶው ይልቅ ንዴቱ በርትቶባቸዋል።

«ከአቶ ባየልኝ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«ከእሱ ጋር? ሰላምታም የላቸው።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዳኛው በቢሮው ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ፒክ አፑ ከደጅ ቆማለች። ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ የየጉብኝቱ ፎቶዎች በተራ ተሰቅለዋል፤ በሁሉም ላይ ዳኛው የእሳት አደጋውን ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ፣ ውሃው ከፊቱ እየተምዘገዘገ፣ ይስቃል።

«እህቴ፣ አዛናው ለእኔ ወንድም ማለት ነበር» አላት። «የኮሚቴው ዓይን ነበር። ይህ አረመኔ ሾፌር በሕግ ፊት የሥራውን ያገኛል ብዬ አምናለሁ።»

«በጉብኝቱ ላይ አቶ አዛናው ሲጠፉ አልፈለጓቸውም?»

«ያረፈደ መሰለኝ። እኔ ከእንግዶቹ ጋር ነው የመጣሁት። ቀትር ላይ ደግሞ ሆቴል...»

«ስለ ቀትር አልጠየቅሁዎትም።»

ዳኛው ፈገግ አለ። «ሐኪሙ ቀትር ስላለ ነው።»

«መኪናዋ ትናንት ውሃ ረጨች?»

«አልረጨችም። ባየልኝ ጭንቅ ብሎት ስለነበር፣ ጌጁ ሙሉ ነው፣ እንለፈው አልኩ። እንግዶቹም ሙቀቱን አልቻሉትም።»

ትርንጎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ቀትር ላይ የኮሚቴውን አባላት ጨምሮ ሁሉንም በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ ፀሐይ ላይ፣ ከመኪናዋ አጠገብ። ባየልኝ ወደ ኒሟ ጥላ ሊጠጋ ሲል «እዚሁ ሁን» አለችው። ታጠቅ በካቴና ቆሟል። አብዱልሀኪም በታዘዘው መሠረት ትራክተሩን ከነውሃው ይዞ መጥቷል። የሻረግ ጥቁር ለብሰው ከሰው ፊት ቆመዋል። የከተማው ሕዝብ አጥሩን ከቦ ያያል፤ ትርንጎ በሩን ያስከፈተችው ሆን ብላ ነው።

«ሳጅን አገኘሁ፣ እስቲ ታንከሩ ውስጥ ግባልኝ» አለች።

ሳጅኑ መሰላሉን ወጥቶ ክዳኑን ነካ። እጁን ወዲያው ነጠቀና ተራገመ። «እንዴት ነው የምገባ? እሳት ነው እኮ!»

«ውረድ። አቶ አዛናው ምንም የትግል ቁስል የለባቸውም። ወደ ታንከሩ የገቡት በፈቃዳቸው ነው። ቀትር ላይ ወደዚህ ብረት በፈቃዱ የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ የገቡት ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ከቤታቸው እንደወጡ። ክዳኑም የተዘጋባቸው ያኔ ነው። የሞቱት ግን ቀትር ላይ ነው፤ ምክንያቱም የገደላቸው የሰው እጅ ሳይሆን የዚህ አገር ፀሐይ ነው። ገዳዩ መቀርቀሪያውን ዘግቶ ሄደ፤ የቀረውን ለፀሐይ ተወላት። ከዚያ ቀትር ላይ ከሠላሳ ሰው ጋር ምሳውን በላ። እናንተም ‹ቀትር ላይ የት ነበርህ?› እያላችሁ ጠየቃችሁ።»

ታጠቅ በካቴናው እንደተያዘ ወደ መኪናዋ ዞረ። ድምፁ ተሰባብሯል።

«እኔ ሳይረኑን ሳስጮህ... ጋሼ አዛናው ከጀርባዬ ነበሩ ማለት ነው?»

«አዎ» አለችው ትርንጎ። ልታለሳልስለት አልፈለገችም። «የታዘዝኸውም ለዚያ ነው። ሲደበድቡ እንዳይሰሙ። ከተማው ሁሉ ሳይረኑን እየሰማ፣ ልጆች አጥሩ ሥር እየጨፈሩ፣ እሳቸው ብረቱን ይደበድቡ ነበር። ለሦስቱ ሳሉጎች ያልጠቀመች መኪና ለዚህ ጠቀመች!»

ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ጮኸች። የሻረግ ግን አልተነቃነቁም።

«ያዘዘው ባየልኝ ነዋ!» አለ ሳጅኑ።

«ቆይ። ይህ ክዳን መደገፊያ የለውም። የሚገባ ሰው ክዳኑን የሚይዝለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ የሚያምነው ሰው። አዛናው ሰላምታ ለማይሰጡት ባየልኝ ክዳን አያሲዙም። ሁለተኛ፣ ባየልኝ ጠዋት ሙሉ ውሃ አምጡልኝ እያለ ይለምን ነበር። ውሃ የሚሞላው በዚህ ክዳን ነው። ከሥሩ ሰው የዘጋ ሰው ክዳኑ እንዲከፈት ይለምናል? ታጠቅም ቢሆን ክዳኑን በባዶ እጁ የከፈተው ራሱ ነው። የዘጋው እሱ ቢሆን ክዳኑን ሳይከፍት ውሃውን ወደ ኒሟ ሥር ባስደፋው ነበር።»

ወደ ዳኛው ዞረች።

«አቶ ዳኛው፣ እርስዎ ቱቦ ይዘው ፎቶ ያልተነሡበት ጉብኝት የለም። ግድግዳዎ ይመሰክራል። ከትናንት በስቲያ ብቻ ‹እንለፈው› አሉ። ምክንያቱም ማሽኑ ተነሥቶ ውሃ ቢጠፋ፣ ሰው ወጥቶ ክዳኑን ይከፍታል። ደግሞ አዛናውን ጎህ ሲቀድ በመኪና የወሰዳቸው ሰው አለ። ታጠቅ እግረኛ ነው። ባየልኝ ሞተር ሳይክል ነው ያለው። አዛናው ደስ ብሏቸው የወጡት የኮሚቴያቸው ሰብሳቢ ‹ሳይኳሏት አብረን እንያት› ስላላቸው ነው።»

«ይህ ስም ማጥፋት ነው!» አለ ዳኛው። «ባየልኝ ነው ያዘዘው፤ ሾፌሩ ራሱ ተናግሯል!»

ባየልኝ በድንገት ገነፈለ። «እኔን? አንተ አይደለህም የደወልህልኝ! ጎህ ሳይሰፋ ደውለህ ፀሐይ ላይ አውጣት፣ ሳይረን አስጩህ፣ እኔ አዘዝሁ እንዳትል፣ ጉብኝቱ የተነጋገርንበት ይመስላል አላልኸኝም? ሁልጊዜስ ተነጋግረን አይደል የምታየኝ! ቀዳዳዋን ካየሃት ዓመት አልፎህ የለ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳኛው ወደ አጥሩ ተመለከተ፤ የመረጡት ሰዎች ናቸው፣ በስማቸው የሚያውቃቸው። ከልብሱ ሥር ላቡ ይወርዳል፤ አሁን ድምፁ ለስብሰባ የሚሆን ድምፅ አልነበረም።

«ተከራከርን እንጂ... ቀዳዳውን አይቶ ከውስጥ ሆኖ ጮኸብኝ። ‹ሦስቱን ሰዎች የገደልሃቸው አንተ ነህ፣ ዛሬ ምክር ቤት ቆሜ እናገራለሁ› አለኝ። ደነገጥሁ። ክዳኑን ለቀቅሁት፤ በቃ። ክዳኑ ነው የወደቀ!»

«መቀርቀሪያውስ?» አለች ትርንጎ። ድምጿ የሚሰማው ለቅርቦቹ ብቻ ነበር። «እሱም ወደቀ?»

ሳጅን አገኘሁ ከታጠቅ እጅ ላይ ካቴናውን ፈታ። በዚያው ካቴና ዳኛውን አሰረው፤ ታጠቅንም ዓይኑን ሳያይ «ይቅርታ» አለው። ባየልኝም አላመለጠም፤ የሦስቱ ሳሉጎች ጉዳይ ገና አልተዘጋም ብላ ትርንጎ አስከትላ ወሰደችው።

ሕዝቡ ሊበተን ሲል የሻረግ ወደ መኪናዋ ተራመዱ። ጌጁ አጠገብ ቆሙ። መርፌው አሁንም ሙሉ ይላል።

«ታጠቅ» አሉ። «ውሃውን ሙላባት።»

«እትዬ፣ ይፈሳል እኮ። ከሥሯ ተበልታለች።»

«አውቃለሁ። ይፍሰስ። በየሩብ ዓመቱ ሙሉ ናት ሲሉን የነበሩ ሁሉ ቆመው ይዩት።»

የኮሚቴው አባላት ከበሩ አልፈው አልሄዱም፤ ሕዝቡ መንገድ አልለቀቀላቸውም። አብዱልሀኪም ትራክተሩን አስጠጋ። ታጠቅ በደህና እጁ ቱቦውን ይዞ መሰላሉን ወጣ፤ ክዳኑ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። ክዳኑን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።

የሻረግ የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ በመዳፋቸው ላይ ጠቀለሉና ከኋላው ወጡ።

«ሙላ» አሉት። «ክዳኑን እኔ እይዘዋለሁ።»

ውሃው ከላይ ገባ፤ ከታችም ወዲያው በየቀዳዳው መውረድ ጀመረ፤ ደረቁን መሬት እያረጠበ እስከ ኮሚቴው አባላት ጫማ ድረስ ሄደ። ማንም አላጨበጨበም።